ለጠባይ የተተወ መስመር

በጫማ ካርቶኑ ውስጥ ከተሰደሩት ካርዶች ሁሉ የ‹ጉድ› እሽግ ይወፍራል። ይልማ በየማለዳው፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ይስበውና የእሽጉን ሲባጎ ፈትቶ ካርዶቹን በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ይደረድራቸዋል። ካርድ ይባሉ እንጂ ለአራት የተቆረጠ አሮጌ የፈተና ወረቀት ናቸው። በአንደኛው ፊታቸው የተማሪ ስሕተት፣ በሌላኛው የይልማ ልፋት ተጽፎባቸዋል።

የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ከተነሣ ሰባት ዓመቱ ነው። ከ‹ኤ› ጀምሮ እየዳኸ ‹ጂ› ላይ ደረሰ፤ እዚያ ‹ጉድ› የምትባለው ባለ አራት ፊደል ቃል ጠብቃ ያዘችው። ዘጠነኛ ክፍል አዲስ የገቡ ልጆች ይህችን ቃል ጮክ ብለው ባነበቡ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ። በእኛ አገር ጉድ የሚባለው ሰው ሰምቶ አፉን በእጁ የሚይዝለት ነገር ነዋ! ይልማም በየዓመቱ አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቃሏ እንደ ተቀመጠች ናት፤ ጥሩ ብሎ ጽፎ እንዳያልፋት፣ ጥሩ አንዱ ጓዳዋ እንጂ ቤቷ አይደለም።

ይልማ በዚህ ሥራው አንድ ሕግ አለው። ሰው በአፉ ሲናገረው ያልሰማውን ትርጉም አይጽፍም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሰው ቆሮሶውን ከፍ አድርጎ «ደኅና ዓሣ ነው፣ ዓይኑን እየው» ያለው ቀን «ደኅና፤ ያልተበላሸ» ብሎ ጻፈ። የጋሪ ነጂው ፈረሱን «ጎበዝ ነው፣ ዳገት አይፈራም» ሲል ጎበዝ ገባ። ጫማ ሰፊው ሶሉን እያጠፈ «ገና ስድስት ወር ያስኬዳል» ሲለው፣ ሚስቱ ሙሉመቤት ስለ ጎረቤት «ደግ ናት፣ ግን አፏ» ስትል፣ የተናደደ ሰው ፖስታ ቤት በር ላይ «ድፍን አንድ ሰዓት አስቆሙኝ» ብሎ ሲያማርር፣ ሁሉም ካርድ ካርድ ደረሳቸው። ከተማው ሳያውቀው መዝገበ ቃላት ይጽፍለት ነበር።

ከካርዶቹ አንዱ ግን በይልማ እጅ የተጻፈ አይደለም። ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ የቸኮለ ነው። እንግሊዞች ስቅለትን የሚጠሩበትን ስም ይዞ እንዲህ ይላል፦ «ጌታ የተሰቀለበትን ዓርብ ‹ጉድ› የሚሉት ምን ታይቷቸው ነው? ይልማ ይመልስ።» የጻፈው ከበደ ነው፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረው፣ ይልማ ከማግባቱ በፊት ሁለት ዓመት አብሮት አንድ ቤት የተከራየው፣ ከአንድ ሳህን የበላው ከበደ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ከበደ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን ይልማ ቀበሌ ተጠርቶ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሐለኛው ቀና እንኳ ሳይል «ከበደን ታውቀዋለህ? እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለው። ይልማ «በሥራ ካልሆነ እምብዛም አላውቀውም» ብሎ መለሰ። አመስግነው አሰናበቱት። ከበደ አልተመለሰም።

ያን ቀን ይልማ ሌላ ቢናገር ከበደን ያድነው እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም በአንድ ላይ ይጠፉ ነበር። ሙሉመቤት ነገሩን ከነገራት ጀምሮ የምትለው ይህንኑ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የይልማ ዝምታ ግን ከውስጡ ነቅዞ ነበር፤ ይህንን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የዛሬው ማለዳ የሰኔ ማለዳ ነው፤ ሰማዩ ከታቦር ተራራ በላይ ጠቁሯል። ይልማ ካርዶቹን መልሶ ሲያስር የከበደን ካርድ ከእሽጉ ጋር ማሰር አልሆነለትም። በሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

«ዛሬ ነው የልጆቹ ፎርም የሚሄደው?» አለችው ሙሉመቤት ሻይ እየቀዳች።

«ዛሬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ መኪና።»

«የዚያች የጴንጤ ልጅ ነገርስ?»

«ጨርሻለሁ። እንደ ሁሉም አድርጌ ጻፍኩላት።»

«እሰይ» አለችና የስኳሩን ጣሳ ገፋ አደረገችለት። «አንድ መስመር ውሸት ሰው ካሳደገች ምን አለባት? እግዜርም ዓይኑን ይጨፍናል።»

ይልማ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። በዋርካዎቹ ሥር ሲነዳ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። አንዴ እንኳ ደግ ሥራ ሠርቻለሁ ብሎ አሰበ፤ ደግ የምትለዋን ቃል ለራሱ ሲሰጥ ትንሽ ቢያፍርም አልመለሳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ለነርስነት ትምህርት አመለከቱ። ከነርስ ትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ግማሾቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ ፎርሙ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት ነው። ሁለተኛው ጠባይ ነው፤ ለሱ አንድ መስመር ተትቷል። ሦስተኛው ተማሪው በሰልፍና በመፈክር ያለውን ተሳትፎ ይጠይቃል። ከሥር ተማሪው ራሱ «ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ብሎ ይፈርማል፤ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ተጠሪ። የክፍሉ ኃላፊ ይልማ ነው። ለሠላሳ ሁለቱም ጠባያቸው ላይ ‹ጉድ› ብሎ ጻፈ። ሰባት ዓመት የደከመባትን ቃል በሩብ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ዘራት።

ችግሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፤ እሱም የታቢታ ፍቅሬ ብቻ። ታቢታ ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ወደፊት!» ተብሎ ግራ እጅ ሲነሣ ግን የሷ ሁለት እጆች ከጎኗ አይነሡም፤ አፏም አይከፈትም። አባቷ አናጢው ፍቅሬ በዚሁ ነገር ሰባት ወር ታስሮ ወጥቷል፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሁለት ዓመቱ ነው። የፖለቲካ ተጠሪው ሞገስ ትናንት ይልማን በረንዳ ላይ አስቁሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስተኛው መስመር ላይ ‹በንቃት ትሳተፋለች› የሚል ካየሁ እፈርማለሁ። ሰልፍ ላይ ማን እንዳያት አልጠይቅም» አለው። ሞገስ የዛሬ ስድስት ዓመት የይልማ ተማሪ ነበር። ሰው ባለበት «ጓድ ይልማ» ይለዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «ጋሽ ይልማ»።

ይልማም ጻፈ። በንቃት ትሳተፋለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ተማሪው ሁሉ ተበትኖ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ይልማ ሰሌዳ ሲያጠፋ ታቢታ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ፎርሙን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ እሷ በስብሳ ወረቀቱ ደረቅ ነው።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል? ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም፣ ጋሼ።»

«ምነው፣ ቀለም አለቀብሽ?»

አልሳቀችም። ፎርሙን አውጥታ በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ልጅ እኔ አይደለሁም።»

ይልማ ሰሌዳ ማጥፊያውን አስቀመጠ። መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው፤ ሌላ ስም ቢሰጠው ውሸት ይሆናል። ለሷ ሲል ራሱን አደጋ ላይ ጥሏል፤ እሷ ደግሞ ስጦታውን እንደ ነቀዘ እህል ትመልስለታለች!

«ስሚኝ ልጄ» አለ። «ይህን መስመር ለሁሉም ነው የጻፍኩት። ግማሾቹ ሰልፍ በተባለ ቁጥር ሐይቅ ዳር ነው የሚውሉት። ቅሬታ የላቸውም፤ ፈርመው ሄደዋል።»

«እነሱ ለራሳቸው ያውቃሉ፣ ጋሼ።»

«አባትሽ ምን አለ?»

«አባቴ ነው የላከኝ። ‹በአንቺ ሰበብ መምህርሽ እንዳይዋሹ› አለኝ። አያቴ አማርኛ አይሰሙም። የኛን ጸሎት ቤትም ረግጠው አያውቁም። ግን እሳቸውም በቋንቋቸው ‹ሀላሌ› ይላሉ፤ እውነት ማለት ነው። ሀላሌን የጣሰ ሰው ሽማግሌ ፊት ባይቆምም ምድር ትታዘበዋለች ይላሉ። ታዲያ እኔ በዚህ ወረቀት ገብቼ መርፌ ብይዝ፣ የታመመ ሰው ‹ይኼ መድኃኒት ያድነኛል ወይ?› ሲለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ነርስ መሆን አትፈልጊም?»

ይህን ሲላት ፊቷ ተለወጠ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አላበሰችውም። «ከምንም በላይ እፈልጋለሁ» አለች።

ይልማ ይህንንም ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ ቡሹሎ እየሄደች ጤና ጣቢያ ፋሻ እንደምታጥብ፣ የቆሰለ ሲመጣ ፊቷን እንደማታዞር ሰምቷል። ሌላም ያውቃል። አምና የፈተናዋን ድምር ተሳስቶ አሥር ማርክ ሲጨምርላት ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የኔ ያልሆነ አሥር አለ» ብላው ነበር። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት፤ ይልማም ፈገግ ብሎ ቀነሰው። ያን ጊዜ ሞኝነት መስሎት ነበር።

«እሺ፣ እውነቱን ልጻፍ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መፈክር አታሰማም ልበል። አንቺ ትቀሪያለሽ። ግን ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ያንቺ ስም ብቻ አይደለም። ‹ይህን እያወቀ እንዴት መሰከረላት?› የሚባለው እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ታቢታ ደነገጠች። ይህ ጨርሶ እንዳልታሰባት ከፊቷ ይታያል። እጇን ሰድዳ ፎርሙን ከጠረጴዛው አነሣችው።

«እሱን አላሰብኩም፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እንግዲያው ይተዉት፣ ጋሼ። የኔ አይሂድ። ዓሣም ቢሆን ከእናቴ ጋር እሸጣለሁ።»

ወረቀቱን በፌስታሉ መልሳ ጠቀለለች። ይልማ እንድትሄድ ፈለገ። እውነቱ ይህ ነው፤ ሄዳ ሁሉም ነገር በገዛ እጇ እንዲያልቅ፣ እሱም ማንንም ያልበደለ ሰው ሆኖ ምሳውን እንዲበላ ፈለገ። በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። አንድ እግሯ ደፉን ሲሻገር «ታቢታ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አምጪው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ጥሩወርቅ ቢሮ ተመለሺ።»

ብቻውን ሲቀር ፎርሙን ፊቱ ዘርግቶ ተቀመጠ። ጠባይ፦ ጉድ። ጽሕፈቱ የራሱ ነው። ይህች ቃል ለያሬድ ተሰጥታለች፤ ያሬድ የጓደኛውን ደብተር ሰርቆ የሸጠ ነው። ለበቀለች ተሰጥታለች፤ በቀለች ምስኪን ናት፣ ስሟን እንኳ ቀና ብላ አትናገርም። ለሁሉም ተሰጥታ ለማንም ሳትደርስ ቀርታለች። ደኅና ዓሣ፣ ጎበዝ ፈረስ፣ ስድስት ወር የሚያስኬድ ሶል፤ የካርቶኑ ካርዶች ሁሉ በዓይነ ኅሊናው ተሰለፉ። አንዱም ፈተና ወረቀት ይዛ የምትመለስ ልጅ አይልም። ሰው ሲናገረው አልሰማምና።

የከበደን ካርድ ከኪሱ አወጣ። ይልማ ይመልስ ይላል እንጂ መልሱን አይነግርም። ስለ ዓርቡ የሚሰጠው መልስ ዛሬም የለውም። ያን ሳምንት ግን በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ እሳት ዳር ቆሞ እየሞቀ «ሰውየውን አላውቀውም» ያለውንም ያውቀዋል። ያ ሰው ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ አለቀሰ። ይልማ አላለቀሰም ነበር። ወደ ክፍል ሄዶ የአላፊ ጊዜ ግሥ ነበር ያስተማረው። ይህ ትዝ ሲለው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጸሐፊዋ ጥሩወርቅ ዘንድ ገባ። ያልተሞላ ፎርም አንድ ብቻ ተርፎ ነበር። የጻፈውን ረቂቅ ሰጣት። ጥሩወርቅ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ አውልቃ አየችው፤ መልሳ አደረገች።

«ይህን ልተይብልዎት ነው?»

«ያለ ስሕተት።»

«እንግዲህ ጣቴ ይጽፋል፤ ዓይኔ አላየም» አለችና ወረቀቱን በጽሕፈት መኪናው ላይ አሽከረከረች። መምታት ስትጀምር ግን እንደ ወትሮዋ አልተጣደፈችም። ጠባይ ከተባለው መስመር ሥር፣ ፊደሉን አቀራርባ፣ ሕዳጉ ድረስ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ታቢታ ፍቅሬ ጥሩ ልጅ ናት። ጥሩ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ተሳስቼ የሰጠኋትን አሥር ማርክ ሳልጠይቃት መልሳልኛለች። የቆሰለ ሰው አይታ ፊቷን አታዞርም። ባንዲራ ሲሰቀል ቆማ ታከብራለች፤ መፈክር አታሰማም፣ እጇንም አታነሣም፤ ይህም ከእምነቷ እንጂ ከክፋት አይደለም። ታምሜ ብተኛ መድኃኒቴን ከሷ እጅ ብቀበል እወዳለሁ።»

ታቢታ በሰዓቷ መጣች። ቆማ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስሟን በጥንቃቄ፣ ፊደል ሳትዘል ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስለት «ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለችው።

«እኔ የራሴ ጉዳይ አለኝ» አለ ይልማ፤ ከፊርማዋ ሥር ፈረመ።

የሞገስ ቢሮ በሩ ክፍት ነበር፤ በኮሪደሩ ሰው ይመላለሳል። ሞገስ ሠላሳ አንዱን ፎርም ፈርሞ ጨርሷል። «ጓድ ይልማ፣ አንድ ይጎድላል እያልኩ ነበር» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለ። በእንግሊዝኛ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም፤ በጣቱ እየተከተለ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። መሐል ላይ ጣቱ ቆመ። ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ጋሽ ይልማ» አለ ተመልሶ ሳይቀመጥ። «እኔ በር ከፍቼልዎት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አመሰግንሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጅቷ አልገባም አለች።»

ሞገስ ሳይፈልግ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «‹ጉድ› የምትለዋ ትበቃ ነበር። ለሁሉም እንደጻፉት።»

«ለሁሉም ሰጥቼ ጨረስኳት። ለሷ የሚሆን አልተረፈኝም።»

«ይህ ጨዋታ አይደለም። ይህን ፈርሜ ካለፈ አንድ ቀን ያነበበ ሰው እኔን ይጠይቀኛል። ካልፈረምኩ ደግሞ ለምን እንዳልፈረምኩ መጻፍ አለብኝ፤ የሚጻፈው ስለ እርስዎ ነው።» በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ። መኪናው መጥቶ ዛፉ ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ ወርዶ መስተዋት ይወለውላል። «አንድ መንገድ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ አልጨረስኩም ይበሉ። በክፍል ካልሆነ እምብዛም አላውቃትም ይበሉኝ፤ እኔ ይህን ቀድጄ እጥላለሁ። ለሁላችንም ይቀላል። ለመሆኑ ያውቋታል?»

ይልማ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያኛው ያጥራል፤ ከኋላውም የተቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉ ግን ያው ቃል ነው፤ መልሱም ከነለዛው ተዘጋጅቶ ቀርቦለታል፤ አፉን መክፈት ብቻ ይበቃዋል። ፈራ። ሁለቱ ልጆቹ በዓይኑ ላይ መጡ። እጁ ሳያዘው ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሄዶ የካርዱን ጠርዝ ነካ።

«አውቃታለሁ» አለ።

ሞገስ የብዕሩን ክዳን ነቀለ፤ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈም። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ።

«ደኅና አድርጌ አውቃታለሁ» አለ ይልማ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ከበደንም አውቀው ነበር» አለ።

ሞገስ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። እሱንም ጂኦግራፊ ያስተማረው ከበደ ነበር። ጥሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ አልዞሩም።